ስልክ በህንድ አገር፣ የንስሐ አባት በአምበር

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ህንድ አገር ደርሼ መምጣቴን የሰሙ የዶርም ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ ዝሆን፣ ስለ ባቡርና ስለ ፊልም ነው። እኔ ዝሆን አላየሁም። ባቡር ላይም አልወጣሁም። ያየሁት ሶኬት ነው። የት ግድግዳ ላይ ምን ዓይነት ቀዳዳ እንዳለ፣ የትኛው ኮሪደር ላይ ኢንተርኔት እንደሚይዝ፣ የትኛው ወንበር አጠገብ እንደሚጠፋ ብትጠይቁኝ ግን እነግራችኋለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል? እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን የእናቴ መብላትና አለመብላት በዚያ ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና፣ ቢያንስ ለራሴ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስቀምጠው።

የእኛ ቤት ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ የሚገኝ የገጠር ቤት ነው። አባቴ ያረፈው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ይነዳል። እናቴ የልብ ሕመም ነበረባት፤ ሐኪሞቹ ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም አሉ። ዳገት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ትቀመጥ የነበረችው ለካ በዚያ ምክንያት ነው። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ህንድ አገር ሄዳ እንድትታከም ሲወሰን፣ አብሯት የሚሄደው አስታማሚ ማን ይሁን የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር።

«እሷ ትሂድ» አለ ወንድሜ። «ፈተና ላይ የጻፈችውን እንግሊዝኛ እስቲ ወጥታ ትናገረው።»

አዲስ የገዛውን ተች ስልክ ለእኔ ሰጠኝና ስክሪኑ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ለራሱ አስቀረ። ቻርጀሩን ሲያስረክበኝ አደራው ከስልኩም ይበልጥ ነበር።

«እታለም፣ ይሄ ከዘጋ ጠፋችሁ ማለት ነው። ምግብ ሳትቀምሺ በፊት ስልክሽን ሰኪ።»

እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና ሰማችው። «ሰው ቁጭ ብሎ ብረት ይብላ ይላል እንዴ ይሄ ልጅ!» አለች።

የንስሐ አባታችን ሊባርኩን መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀልድ የሚወዱ ካህን ናቸው። ጸበል ረጩን፤ መስቀላቸውን አሳለሙን። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን የቀረው ጊዜ ነበር። የሐኪሙ ቀጠሮ ቅርብ ስለሆነ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ቀዶ ጥገናው ያልቃል ብለን ነበር። ስለዚህ ስለ ጾም ማንም ምንም አላነሣም።

የህንድ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ በመጀመሪያ ያደረግሁት ለወንድሜ «ደርሰናል» ብዬ ለመጻፍ መሞከር ነው። ነጻ ዋይፋይ አለ ይላል። ነካሁት። ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ፣ ኮድ እንልክልሻለን አለኝ። የኢትዮጵያ ቁጥሬን አስገባሁ። አይሆንም፤ የህንድ ቁጥር ነው የሚፈልገው። የህንድ ቁጥር ለማግኘት ደግሞ ሲም ካርድ መግዛት አለብኝ፤ የሲም ሻጩን ሱቅ አድራሻ ለማየት ኢንተርኔት ያስፈልገኛል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሆንሁ። ግን አልተናደድሁም፤ ነገሩ ገረመኝ። ዋይፋዩ እኔ ማን እንደሆንሁ ለማመን የሚፈልገው፣ ለእኔ ብቻ የሚደርስ አንዲት አጭር ቁጥር ነበር። እናቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ማን እንደሆንሁ አላወቀኝም።»

«ታዲያ አልተናገርሽማ» አለችኝ።

የያዝነው ማረፊያ ከሆስፒታሉ ማዶ፣ በአስታማሚ የተሞላ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። ጠባቂው ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ከእኛ ይልቅ ለቁልፎቹ የሚጠነቀቅ ሽማግሌ ነበር። ክፍላችን እንደገባን ሶኬቱን ፈለግሁ። ሦስት ክብ ቀዳዳ አለው፤ የእኔ ቻርጀር ሁለት ክብ ጥርስ ነው። ሁለቱ ቀዳዳ ውስጥ ገባ፤ ግን ላላ። ጫማዬን ከሥሩ አስደግፌ አቆምሁትና እኔም እናቴም ጎናችንን አሳረፍን። ከእንቅልፋችን ስንነሣ ስልኩ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ቀንሷል።

«መብራት የለም» አልኋት እናቴን።

እናቴ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ አየች። «ይሄስ በምን ይዞራል? በነፋስ?»

 በእኛ አገር መብራት ከሄደ ከሁሉም ይሄዳል፤ ከመጣም ለሁሉም ይመጣል። አንዱ ግድግዳ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የሚጠፋ መብራት አላውቅም። ከሶኬቱ አጠገብ የተደረደሩ ትንንሽ ማብሪያዎች ነበሩ፤ ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ። አንድ በአንድ ልሞክራቸው ወሰንሁ። የመጀመሪያውን ስነካ ማራገቢያው ቀጥ አለ። መለስሁት። ሁለተኛውን ስነካ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በራ። ሦስተኛውን ስነካ ምንም የሆነ ነገር የለም። ወዲያው ግን በሩ ተንኳኳና ባለ ሂናው ጠባቂ ብቅ አለ። «አቤት፣ ማዳም?»

ምንም አልፈለግሁም ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወረደ። ደግሜ ስነካው ደግሞ መጣ። ያ የደወል ማብሪያ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። «ሽማግሌውን በደረጃ ልትጨርሺው ነው! ተይ፣ ኃጢአት ነው!» የመጨረሻውን ወደ ታች ስጫነው አንዲት ቀይ ነጥብ በራች፤ ስልኩም ድምፅ ሰጠና ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ማብሪያ አለው ለካ። ሰክቶ መተው አይበቃም፤ መክፈትም ያስፈልጋል። እናቴን ጠርቼ ቀይዋን ነጥብ አሳየኋት። እሷም ራሷ አጥፍታ አበራችው። ደስ ስላላት ደገመችው።

የሆስፒታሉ ምርመራ እኛ ካሰብነው በላይ ረዘመ። ዛሬ ደም፣ ነገ ፎቶ፣ ከነገ ወዲያ የልብ አልትራሳውንድ እየተባለ ሐምሌ አለቀ። ነሐሴ አንድ ቀን እናቴ ጠዋት የቀረበላትን ሻይና ብስኩት ገፋ አድርጋ «ፍልሰታ ገብቷል» አለች። ስልኬ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ከፍቼ አየሁ። ልክ ናት። ያለ ቀን መቁጠሪያ፣ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግራ፣ በሌላ አገር ሰዓት እየተኛች እየተነሣች ቀኑን እንዴት እንዳልሳተችው እስካሁን አይገባኝም።

የምግብ ነገር አያሳስበንም ብዬ አስቤ ነበር። በዚያ ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ሥጋ አይሠሩም፤ በራቸው ላይም ንጹሕ የአትክልት ምግብ ብለው ጽፈዋል። «እማ፣ አገሩ በሙሉ ጾመኛ ነው» ብዬ በኩራት ምስርና ሩዝ አመጣሁላት። ሳህኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና መለሰችልኝ።

«ቅቤ አለው።»

«የአትክልት ነው ይላል እኮ።»

«ጽሑፉ ያለውን ይበል። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ቅቤ ስንጥ የኖርሁ ሰው ነኝ።»

ጠየቅሁ። እውነትም ለእነሱ ወተትና ቅቤ ከአትክልት ወገን ነው፤ ሥጋና እንቁላል ካልሆነ ሁሉም ይፈቀዳል። ጾም ብዬ የማውቀው ነገር ሌላ አገር ሌላ ድንበር እንዳለው ያኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ ዘጠኝ ሰዓት እየጠበቀች ከቤት ያመጣችውን በሶ በውኃ በጥብጣ፣ ሙዝ ጨምራ መዋል ጀመረች።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ ሐኪሟ ውጤቷን ይዛ ጠራችን። ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር እንግሊዝኛዋ ይገባኛል። የእናቴ ደም አንሷል፤ ሰውነቷም ከስቷል፤ እንዲህ ሆና ደረቷን ቢከፍቱት ቁስሉ አይጠግግም አለች። በየቀኑ እንቁላልና ወተት መውሰድ አለባት፤ አቅሟ ሳይመለስ ቀዶ ጥገና አይደረግም። በማግሥቱ ተኝታ እንድትመገብ አልጋ ያዙላት። እኔ ለእናቴ ተረጎምሁላት። አንገቷን አቀርቅራ ሰማችና «እሺ በያት» አለች። «የንስሐ አባቴ ይፍቱኝና እበላለሁ።»

«እማ፣ ታማሚ እኮ ይፈቀድለታል።»

«ይፈቀድለታል። የሚፈቅድለት ግን አለ።»

ከዚህ በኋላ የቀረኝ አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ካህኑንና እናቴን ማገናኘት። ሲም ካርዱን ከጥቂት ቀን በፊት ገዝቼ ነበር። ፓስፖርት፣ የቪዛ ኮፒ፣ ፎቶ፣ በመጨረሻም እዚያ አገር የሚኖር ተያዥ ጠይቀውኝ፣ ባለ ሂናው ጠባቂ ተያዥ ሆነልኝ። «ነገ ይከፈታል» ብለው ሸኙን። ነገ የሚለው ቃል እዚያም እንደ እኛ አገር ረጅም ነው። ካርዱ ገና አልተከፈተም። ስለዚህ ከማረፊያው ምድር ቤት፣ ከጠባቂው ጠረጴዛ አጠገብ ብቻ በሚይዘው ዋይፋይ ለወንድሜ ደወልሁ።

«ለአባ ደውልልን» አልሁት። ነገሩን አስረዳሁት።

ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደወለ። «ዝግ ነው። ሰሞኑን እዚህ ፀሐይ የሚባል የለም፤ በሶላር የሚሞላ ስልክ ሁሉ ዝግ ነው። ደግሞ ሱባኤ ገብተዋል አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይወጡም።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በፍልሰታ ብዙ ሰው ሱባኤ ይገባል። ከቤቱ ወጥቶ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎጆ ይዞ፣ በጸሎትና በስግደት ይሰነብታል። ስልክ ቢኖረውም ይዘጋዋል። እኔ ህንድ አገር ሆኜ የማብሪያውን ነገር ስፈታ፣ አምበር ማዶ ደግሞ ደመናና ሱባኤ ዘግተው ጠበቁኝ።

በማግሥቱ፣ ወደ ሆስፒታሉ ከመዛወራችን በፊት፣ ከጠባቂው ጠረጴዛ አጠገብ ሳለን ወንድሜ ራሱ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለእናቴ አሰማኋት።

«እማ! አባን አገኘኋቸው። ብይ ብለዋል። እንቁላሉንም ወተቱንም።»

«እሰይ! እግዜር ይስጣቸው። ምን አዘዙኝ?»

«ብይ ብለው ነዋ ያዘዙሽ።»

«እሱንማ ሰማሁ። በምትኩ ምን አዘዙኝ ነው የምልህ?»

 ከወንድሜ ጀርባ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማናል።

«በምትኩ... ምንም አላሉም። ታማሚ ናት አሉ።»

እናቴ ፈገግ አለች። የንስሐ አባት ጾም ሲፈታ ባዶውን አይፈታም፤ በምትኩ ቀኖና ይሰጣል። ወይ ስግደት፣ ወይ ጸሎት፣ ወይ ምጽዋት ያዛል። የእኛው ካህን ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው።

«አንተን ወልጄ አራስ ቤት ሆኜ እንኳ አቡነ ዘበሰማያት አስቆጥረውኛል። ዛሬ በነጻ ለቀቁኝ?»

«እሺ፣ እማ» አለ ወንድሜ። «አላገኘኋቸውም።»

«ለእኔ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከእሳቸው አፍ ካልሰማሁ አልቀምስም። አትድከም።»

«አልደክምም። እሄዳለሁ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ስልካችሁ ክፍት ይሁን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው ዋይፋይ ከእኔ ኮድ ጠይቆ ነበር፤ እናቴም ከወንድሜ የጠየቀችው እሱኑ ነው። እውነተኛው ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ጠይቃ፣ ሲያጣው አልከፈተችለትም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሆኖም ኮድ ምን እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቃለች።

ነገ አራት ሰዓት ሲባል ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የእኛ አራት ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ስንት ይሆናል? በወረቀት ላይ ሠራሁት። በውጭው አቆጣጠር ጠዋት አሥር ሰዓት ነው፤ ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ ስለዚህ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ግማሿ አስገረመችኝ። አገርና አገር በሙሉ ሰዓት እንደሚለያይ በጂኦግራፊ ተምሬአለሁ፤ በግማሽ እንደሚለያይ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ ሐኪሟንም ጠየቅሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ያሉት ሶኬቶች ለማሽኖች ብቻ ናቸው፤ ስልክ መሰካት ክልክል ነው። አስታማሚዎች ስልክ የሚሞሉት ኮሪደሩ ላይ ባለ አንድ ሰሌዳ ነው። ከየአገሩ የመጣ ቻርጀር እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ይውላል። እዚያም ሕግ አለ፤ የሰው ስልክ ሳይሞላ አይነቀልም፣ የሞላ ስልክ ግን ባለቤቱ ባይኖርም ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ በክብር ይቀመጣል። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያከብረዋል። ሲም ካርዴ ወንድሜ ሊደውል በቀጠረበት ዕለት ጠዋት ተከፍቶ ነበር። እንደተከፈተም የሆስፒታሉ ዋይፋይ የጠየቀኝ ኮድ ያለ ችግር ደረሰልኝ። ስልኬን ተራዬን ጠብቄ ሰካሁ፤ ግን ተራው ዘግይቶ ስለመጣ ብዙ ሳይሞላ ሰዓቱ ደረሰ። ነቅዬ ወደ እናቴ ሄድሁ።

ወንድሜ በበኩሉ ያደረገውን የነገረን ኋላ ነው። ባጃጁን አምበር አቁሞ፣ ስልኩንና ፓወር ባንኩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጭቃውን በዱላ እየተመረኮዘ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በዛፍ በተከበበ ጎድጎዳ ቦታ ስለሆነ ኔትወርክ አይገባም፤ የሚይዘው ከላዩ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። አባን ከጎጆአቸው አስጠርቶ ነገሩን ነገራቸው።

«ከስልክ ለማረፍ ነበር ሱባኤ የገባሁት» አሉት አሉ። ቀጥለው ግን አሰቡ። «በስልክ አልፈታሁም ከዚህ በፊት። ፊቷ ይታያል?»

«ይታያል፣ አባ።»

«እኔስ እታያታለሁ?»

«ይታዩአታል።»

«እንግዲያ ፊት ለፊት ተገናኘን ማለት ነው። ና፣ አውጣኝ ወደ ጉብታው።»

ስልኬ ጮኸ። ከፈትሁት። የተቆራረጠ ምስል፣ ዝናብ፣ የጃንጥላ ጫፍ፤ ከዚያ ነጭ ጥምጥም። እናቴ ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ያዝኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ለበሰች።

«አባቴ! በዚህ ዝናብ!»

«ዝናቡን ተይው፤ ለጤፋችን ነው የሚዘንበው። ሐኪሙ ምን አለ? ልጅት ንገሪኝ።»

እኔ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኋቸው። ደሟ እንዳነሰ፣ አቅሟ ሳይመለስ እንደማይከፍቷት፣ እንቁላልና ወተት እንዳዘዘች። 

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት እናቴን።

«እኔ ምን እላለሁ አባቴ? እርስዎ ይፍቱኝ።»

«ዐቅምሽን እግዚአብሔር ያውቃል። ብይ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።» መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ካሜራው አቀረቡት። የስልኩ ፊት በሙሉ የእንጨት መስቀል ሆነ። «በምትኩ ደግሞ...» አሉ።

እናቴ መስቀሉ ሲቀርብላት ሌላ ነገር አላሰበችም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስነካች፤ ከዚያ ተሳለመችው፤ ከዚያ አገጯን አስነካች። ቀና ስትል ስልኩ ጸጥ ብሏል። መስቀሉን ስትሳለም ቀዩን መዝጊያ ነክታዋለች።

መልሼ ደወልሁ። አይጠራም። ደግሜ ደወልሁ። በኋላ እንደሰማነው ጉብታው ላይ ጉም ወርዶ ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር። ነርሷ በዚሁ መሐል ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት አመጣች። የእናቴን ፊት አየሁ።

«እማ፣ ፈትተውሻል። ብይ ብለዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ።»

«በምትኩ ብለው ነበር።»

«ኋላ ይነግሩሻል።»

«ልጄ፣ ግማሽ ቃል ሰምቼ እንቁላል ልላጥ?» ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደነችው። ነርሷ ተመልሳ መጥታ ክዳኑን አንሥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟም መጥታ አየች። «ነገም ካልበላች ወደ ቤት እልካታለሁ፤ ወር ቆይታ ትመለስ» አለችኝ። ለእናቴ ይህን አልተረጎምሁላትም። እሷ ግን ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፤ እጄን ያዘችኝ። ያም ሆኖ እንቁላሉን አልነካችውም።

የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ስለደረሰ ወደ ኮሪደሩ ሄጄ ተራ እየጠበቅሁ ከሰሌዳው ሥር ቆምሁ። ከሰዓት በኋላው እየገፋ ነው። ከጎኔ ያለ አንድ የኬንያ ሰው የራሱን ስልክ ነቅሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። ገና እንደሰካሁት ስልኬ ጮኸ፤ ጥሪ ግን አይደለም። ወንድሜ የላከው የድምፅ መልእክት ነው። ጉብታው ላይ ኔትወርኩ ሲጠፋበት ስልኩ ድምፅ መቅዳት እንደሚችል አስታውሶ፣ የአባን ቃል ቀድቶ፣ ወደ አምበር ሮጦ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ለቀቀው።

ልነቅለው ስል ባትሪው ገና ምንም አልያዘም፤ ከነቀልሁት መጥፋቱ ነው። ገመዱ አጭር ነው። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በእኔ ትከሻ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች ወደ ስልኩ መጣች። የኮሪደሩ አስታማሚዎች ምን እንደሆነ ባያውቁም መንገድ ለቀቁላት። ከሰሌዳው ሥር ቆማ ጆሮዋን አስጠጋች። የዝናቡ ድምፅ መጀመሪያ መጣ፤ ከዚያ የእሳቸው።

«ልጄ፣ ተቋረጥን። በምትኩ፣ ያልጾምሽውን ቀን ሁሉ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ፣ ቀን በቀን ትመልሺዋለሽ። ዕዳ ነው። እስከዚያ ስግደቱን ልጅሽ ትወጣልሽ፤ ጉልበቷ ደህና ነው። ደግሞ መስቀል ስትሳለሚ ቀስ በይ፤ ስልኩን እየዘጋሽው ነው ይላል ይሄ ልጅሽ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ደግሜ አሰማኋት። «እሳቸው ናቸው» አለች። «በነጻ አይለቁም ብዬሽ አልነበረም?» ዘወር ብላ ወደ አልጋዋ ተመለሰችና ሳህኑን ገለጠች።

«ቀዝቅዟል፣ እማ። ሌላ ላስመጣልሽ?»

«ይሁን።» አማተበችና መላጥ ጀመረች። የመጀመሪያውን ስትጎርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሁለተኛውን ግን ወደ እኔ ዞራ በላችው።

የእኔ ድርሻ ስግደቱ ሆነ። ምሥራቁ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ክፍሉ ፀሐይ የማይገባበት ነው። ስልኬ ውስጥ ኮምፓስ እንዳለ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። በመርፌው ብለካው ምሥራቁ በልብስ ማጠቢያው በር በኩል ሆነ። በየቀኑ፣ እናቴ ወተቷን ስትጠጣ፣ እኔ ወደ ልብስ ማጠቢያው በር ዞሬ እሰግዳለሁ። የጽዳት ሠራተኞቹ መጀመሪያ የወደቅሁ መስሏቸው ፈርተው ይከቡኝ ነበር፤ ኋላ ባልዲያቸውን እያነሡ ቦታ ይለቁልኝ ጀመር። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ትቆጣጠረኛለች። «ጉልበትሽ መሬት አልነካም፤ እሱን አልቆጥረውም» ትላለች።

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ቀን ቆረጠችላት። ጳጉሜን ላይ ደረቷን ከፍተው የልቧን በር ቀየሩላት። ዘመን መለወጫን እዚያው ዋልን፤ ወደ አገራችን የገባነው መስከረም ካጋመሰ በኋላ ነው። ብዙም ሳልቆይ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሰማሁና ሻንጣዬን ሳልፈታ ወደ ዶርም ሄድሁ።

እናቴ ግን ዕዳዋን አልረሳችም። ለክትትል ወደ ከተማ በመጣች ቁጥር ሐኪሙን መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን መጾም ትችል እንደሆነ ነበር። ሁለት ጊዜ «ገና ነው» አላት። በሦስተኛው ፈቀደላት። ከዚያ ጀምራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በፍስክ ሲበላ እሷ ብቻ ሽሮዋን እየበላች፣ የፍልሰታን ቀኖች አንድ በአንድ መለሰች። ማታ ማታ ስደውልላት ቀኑን ትነግረኛለች። እኔም ዶርም ውስጥ ሆኜ፣ ስግደቱ ከእኔ ላይ ቢወርድም፣ አንዳንዴ አብሬአት እጾም ነበር።

የመጨረሻውን ቀን ጾማ፣ የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ዳገቱን ሳትቀመጥ ወጥታ፣ መስቀላቸውን በእንጨቱ ላይ ተሳልማ ጾሟን የፈታችው ኅዳር ፲፪ ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ነው።